ካልመጣህ እንመጣለን

የእህቴ ልጅ የመኝታ ክፍል ጓደኛ በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው እንደሌለ አንገቱን አስግጎ ካረጋገጠ በኋላ በሹክሹክታ፣ «ደህንነቶች መጥተው ነበር» አለኝ።

«ምኖች?»

«ደህንነቶች። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ሆነው፤ አንዷ ሴት ናት። ባጅ አሳይተውናል። ‹ለትንሽ ጊዜ ልናነጋግርህ ነበር፤ አትደንግጥ› አሉት። በጣም ትሑቶች ናቸው። እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቃል አልተነፈሰም። ‹እሺ፣ ነገ እንመለሳለን› ብለው መብራቱን አጥፍተው ወጡ።»

«መብራቱን አጥፍተው?»

«አጥፍተው።»

ክው አልኩ። ልጁን ምሳ ልጋብዘው ነበር የመጣሁት፤ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ስላልሠራልኝ። ጓደኛው ክንዴን ይዞ አስገባኝና በሩን ቆለፈው። ተደራራቢው አልጋ ላይ፣ ከታች፣ የእህቴ ልጅ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያልተጨረሰ የማሽን ንድፍ፣ የካፌ መታወቂያው፣ አጠገቡ ደግሞ ለሁለት የተሰበረ ሲም ካርድ።

«ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው» አለ ልጁ። «ጠዋት ስነሣ የለም። ቁርስ ሊበላ ወጥቶ ይሆናል እንዳልል ቁርስ ከተወ ሰነበተ። መምህር፣ እኔን አይጠይቁኝም አይደል? እኔ እኮ ምንም አላውቅም። የታችኛው አልጋ እሱ ነው፣ የላይኛው እኔ ነኝ፤ ይኸው ነው።»

ከውጭ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ሁሉን ነገር በሁለት ዓይን ነው የማየው። በአንዱ ልቆይ እላለሁ፣ በሌላው ልሂድ። የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳን ግማሽ ልቤ አውሮፕላን ጣቢያ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ሁለቱም ዓይኖቼ የተሰበረውን ሲም ካርድ ብቻ ነበር የሚያዩት። ይህ ልጅ ፖለቲካ አያወራም፤ እንዲያውም ምንም አያወራም። ሳገኘው ሁሌ «ደህና ነኝ አክስትዬ» ነው መልሱ። ፊቱ ከስቶ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ፣ «ደህና ነኝ አክስትዬ»። እኔም ደህና ነው ብዬ እሄዳለሁ።

ኮሪደሩ ጥግ ላይ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። እህቴ ነርስ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ተረኛ ስለነበረች ክሊኒክ ነው ያደረችው። ከጀርባዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«እትዬ፣ ልጁ አንቺ ጋ ደውሏል?»

«አልደወለም። ምነው? ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ አፌ፣ ከእኔ ቀድሞ። ወዲያው ደግሞ፣ «አይ፣ ደህና አይደለም። ደህንነቶች ክፍሉ ድረስ መጥተው ነበር አሉ። ጠዋት ጠፍቷል» አልኳት።

እሪ ትላለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት። እሪ አላለችም። ሕፃኑ ብቻ ነው የሚያለቅሰው። ከዚያ እህቴ በጣም ቀስ ብላ አንድ ቃል ተናገረች፦

«ደግሞ?»

«ደግሞ ማለት ምን ማለት ነው?»

ለአንድ ሰው «መጣሁ» ስትል ሰማኋት።

«እትዬ፣ ደግሞ ማለት ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ማንን ነው?»

«ጋሼን ነዋ» አለችኝ።

ጋሼ የእሷ ባል ነው። አናጢ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ነው የሚሠራው። ስመለስ በጣም ዝምተኛ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ጓንት ለብሶ እንጨት የሚልግ ሰው ዝም ቢል ምን ይገርማል? አሁን እህቴ በስልክ፣ መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች መሀል ቆማ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጅበት ጊዜ ነበር። መጥተው ወሰዱት። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ በጋው መጥቶ ሄደ፣ ከዚያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ስለዚያ ጊዜ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል ነበር ያልሽኝ!»

«እና ምን ልበልሽ? ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። መጥተሽስ ምን ልትሠሪ? በር ላይ አብረሽኝ ልትቀመጪ?»

«በየሳምንቱ ስደውል ደህና ነን ትይኝ ነበር።»

«አንቺስ ምን ትይኝ ነበር?»

እኔም ደህና ነኝ ነበር የምለው።

«የዚያን ቀን በሩን የከፈተላቸው ልጁ ነው» አለች እህቴ፤ ድምፅዋ አሁን ነው የተሰበረው። «ትንሽ ነበር። ‹ከደህንነት ነን፤ አባትህን ለትንሽ ጊዜ ልናነጋግረው ነው፣ አትደንግጥ› አሉት። ፈገግ ብለው ነው። እሱም ሮጦ ገብቶ ‹አባዬ፣ እንግዶች መጥተዋል› ብሎ ጠራው።»

ስንት ዓመት ቤተሰቤ ነው ብዬ የማውቀው ቤት፣ ውስጡን አላውቀውም ለካ። ያንን ቤት በስልክ ነበር የማውቀው። እህቴ፣ ቤት ደውላ፣ ባሏ ጋ ደውላ፣ መልሳ እንደምታገኘኝ ነግራኝ ዘጋች።

ከመኝታ ሕንፃው ወጥቼ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እሄዳለሁ። ወደ ዲኑ ቢሮ? ወደ ጥበቃው? ሰው ሲጠፋ የሚኬድበትን ቦታ እንኳ አላውቅም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ስደርስ ተማሪዎች ተሰብስበው የፈተና ፕሮግራም ያያሉ። ከፕሮግራሙ በላይ አዲስ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ። ትልቅ ጆሮ ተስሎበታል። ከጆሮው ላይ ቅጠል በቅሏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ብቻህን አይደለህም። ካልመጣህ እንመጣለን። የተማሪዎች ደህንነትና ዘላቂነት ክበብ።»

ከታች በትንንሽ ፊደል የእኔ ስም አለ፤ አማካሪ መምህር ተብሎ።

እዚያው ቆሜ ደነዘዝኩ። አንዷ ተማሪ፣ «መምህር፣ አሞዎታል?» አለችኝ። አሞኝ ነበር።

ክበቡ ሲጀመር ስም አልነበረውም። የካፌውን ልጣጭ ለቅመው ብስባሽ የሚሠሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን እጣቢ በቧንቧ ወደ ጓሮ መልሰው ቲማቲምና ጎመን የሚያጠጡ፣ ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ እየዞሩ በከንቱ የሚበራውን መብራት የሚያጠፉ ልጆች ነበሩ። ሰው ሁሉ «አረንጓዴዎቹ» ይላቸዋል። የእህቴ ልጅም አክስቱ ከአረንጓዴዎቹ ጋር እንደምትሠራ ነው የሚያውቀው። በኋላ ጓሮው ውስጥ ዝም ብለው መጥተው የሚቀመጡ ተማሪዎች በዙ። ችግኝ ለመትከል አይደለም፤ ከሰው ዓይን ርቀው ለማልቀስ ነው። ሊቀመንበሯ፣ አፈ ጮሌ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ «እንግዲህ ጎመኑን ብቻ አይደለም ማጠጣት ያለብን» አለችና ከክፍሉ የማይወጣውን፣ የማይበላውን ተማሪ በዲኑ ፈቃድ ሁለት ሁለት ሆነው ሄደው የሚያናግሩ ልጆች ተመረጡ። የሚጎበኙትን ልጅ ስም ለማንም አይናገሩም፤ ለእኔም ጭምር። ጥሩ ደንብ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚይዝ ስም ሲፈለግ ሊቀመንበሯ ናት «ደህንነት» ያለችው። አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን ትተን ብስባሽ የምንለው፤ ልጣጩን የሚያመላልስ እሱ ነው፤ እጁን አውጥቶ፣ «በዚህ ስም በር ያንኳኳን እንደሆነ በመስኮት የሚዘል ሰው ነው የምናገኘው» አለ። ተሳቀ። «ደግሞ ደህንነትና ዘላቂነት! አንዴ ከያዙህ አይለቁህም ማለት ነው?» ሲል እኔ ራሴ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ቃሉ ምን አጠፋ? ደህና ከሚለው ነው የመጣው። ለእነሱ ለምን እንተውላቸዋለን?» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አርማውን ሲስሉትም፣ ጆሮ ከነቅጠሉ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳን ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ትዝ አላለውም።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንዳለሁ እህቴ መልሳ ደወለች። ልትነግረኝ የፈለገችውን ከመስማቴ በፊት፣ «እትዬ፣ እኛ ነን! ደህንነት አይደሉም፤ የእኔ ተማሪዎች ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ያልኩት እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት፤ ሲገባት አልተደሰተችም።

«ስሚኝ» አለች። «ጎረቤታችን ጎህ ሲቀድ አይታቸዋለች። ልጁ እያለከለከ መጣ፤ አባቱ አስገባው፤ ወዲያው አብረው ወጡ፤ ከባለ ከባድ መኪናው ጓደኛው ጋር። ያ ሰውዬ ዛሬ ከሰዓት ጭነት ይዞ ድንበር ሊሻገር ነው። ልጁን ሊያሻግረው ነው! ስልክ የለው፣ ወረቀት የለው፣ አንዴ ከተሻገረ በምን እናገኘዋለን?»

«ሹፌሩ ጋ ደውይ!»

«ዘግቶታል። ጋሼም ዘግቶታል። መኪናው ከየት እንደሚነሣ የሚያውቀው ጋሼ ብቻ ነው፤ ጋሼ ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም። እባክሽ፣ እባክሽ እህቴ።»

ተማሪዎቹን ይዤ ከተማውን ላስስ ብዬ ወደ ክበቡ ክፍል ሮጥኩ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር የሚጣልባት መጋዘን ናት። በሩ እንደ ልማዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ደህንነት» የሚለው ጽሑፍ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ከሩቅ ይነበባል።

ደፍ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ።

ጋሼ ውስጥ ተቀምጧል።

ደህናውን ኮቱን ለብሷል። ጢሙን ተላጭቷል። ጭኑ ላይ ትንሽ ቦርሳ አለ፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ፎጣና ወፍራም ሹራብ ይታያል። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ቀበቶም አላደረገም፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ ይዞታል። ማሰሪያና ቀበቶ እዚያ እንደሚወስዱበት ስለሚያውቅ ራሱ ፈቶ ቤቱ ትቷቸው ነው የመጣው።

ፊት ለፊቱ ሊቀመንበሯ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ ባጁ፣ ፊቷ ላይ ለዚህ ሥራ የተለማመደችው ለስላሳ ፈገግታ። ውሃ ቀድታለታለች፤ አልነካውም። የመጣው ሰው ብሶቱን ሊናገር የመጣ መስሏታል።

«አይዞዎት አባባ» ትለዋለች። «እዚህ የሚናገሩት ከዚህች ክፍል አይወጣም።»

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ።

«ካልፈለጉ አይናገሩም። እኛ አንቸኩልም። ቀኑን ሙሉ እዚህ ነን።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ሰው ልኮዎት ነው ወይስ በራስዎ?»

«በራሴ ነው። ማንም የለበትም። ይጻፍልኝ፤ በራሱ እግር መጣ ተብሎ ይጻፍ። ልጁ ምንም አያውቅም። እኔን ውሰዱና ልጁን ተዉት።»

ሊቀመንበሯ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ቀና ስትል አየችኝ። «ቲቸር፣ እንኳን መጡ። አባባ በጣም ከባድ ነገር ውስጥ ናቸው መሰለኝ።»

ጋሼ ዞረ። አየኝ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሱሪውን እንደያዘ።

«አንቺም?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ስማኝ...»

«ደህንነት የት ነው ብል ወደዚህ ጠቆሙኝ። በሩ ላይ ስምሽን አየሁት። ሞክሼ ይሆናል አልኩ። ለካ የተማርሽው ይሄን ነው?»

«ጋሼ፣ ይሄ ደህንነት ያ ደህንነት አይደለም! ተማሪዎች ናቸው። ልጁን ከፍቶት ነው የሄዱበት፤ ሊያጽናኑት። ጎመን ነው የሚያበቅሉት!»

«እነዚያም እንዲህ ነበር ያሉት» አለ በቀዝቃዛ ድምፅ። «መጀመሪያ ቀን፣ ‹እኛ የምታስበን ሰዎች አይደለንም› ብለው ነው የጀመሩት።»

«እሺ እነሱን ተዋቸው፤ እኔን እመነኝ። መኪናው ሊነሣ ነው። ልጁ የት ነው ያለው?»

ጋሼ ተመልሶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ይኸው። ጥያቄው መጣ» አለ።

ከዚያ አፉን ገጠመ። ለመንኩት። በእህቴ አማልኩት። ስልኬን አውጥቼ «አንተ ራስህ አናግራት» ብዬ ሰጠሁት፤ ወጥመድ እንደሚሸሽ ሰው እጁን ሰበሰበ። ምን ብል ምን፣ የምለው ሁሉ እነዚያ የሚሉት ነው። አትፍራ ብል እነሱ ብለውታል። ልንረዳህ ነው ብል እነሱ ብለውታል። የደግ ቃል በሙሉ ቀድመውኝ ጨርሰውታል። ሊቀመንበሯ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች፤ አሁን ገብቷታል።

«እኔ ነኝ የሄድኩት» አለች። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ፈገግ ብዬ ነው እኮ የነገርኩት።»

«እነሱም ፈገግ ብለው ነበር፣ ልጄ» አላት።

ይህን ጊዜ ነው ብስባሽ የገባው። በሁለት እጁ ባልዲ ተሸክሞ፣ በሩን በወገቡ እየገፋ፣ ማንንም ሳያይ መነጫነጭ ጀመረ።

«ወጥ ቤቷ ዛሬ በጭልፋ አባረረችኝ! በጭልፋ! ‹ልጣጬን ልትሰልሉ ነው የምትመጡት› ትለኛለች። የድንች ልጣጭ ማን ይሰልላል? ደህንነት የሚለውን ባጅ ካደረግሁ ወዲህ አንድ ካሮት እንኳን የሚሰጠኝ ጠፋ። እኔ ብያለሁ፤ ይሄ ስም...» እያለ ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

ጠረጴዛው ልጆቹ ከተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት ራሳቸው የሠሩት ነው። የሚጣል ነገር የለም የሚል መፈክር አላቸው። አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ካርቶን አጣጥፈው አድርገውለታል። ባልዲው ሲያርፍበት ካርቶኑ ሸተት አለ፤ ጠረጴዛው ሲጥ ብሎ ዘመመ፤ የውሃው ብርጭቆ ወደቀ፤ የድንቹ፣ የሽንኩርቱ፣ የካሮቱ ልጣጭ በሙሉ ከነእጣቢው በጋሼ ደህና ኮት ላይ ተዘረገፈ።

ብስባሽ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጋሼ ጭኑ ላይ የተከመረውን ልጣጭ አየ። ጠረጴዛውን አየ። ባዶ እጁን ዘርግቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘና ነቀነቀው። ተነቃነቀለት። መልሶ ነቀነቀው። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየ፤ የተጣመሙትን ምስማሮች በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ» አለ ብስባሽ። «ይቅርታ አባቴ። ኮቱን አጥብልዎታለሁ።»

ጋሼ ቀና አላለም። እጁ ጠርዙ ላይ እንዳለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚናገር ይመስል፣ «የእነሱ አይነቃነቅም» አለ። «ብረት ነው። ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። እኔ... ምን ያህል ጊዜ እንደሞከርኩት። የእነሱ ጠረጴዛ አይነቃነቅም።»

ለስንት ዓመት ለእህቴ ያልነገራትን፣ የድንች ልጣጭ ታቅፎ ሲናገረው ሰማሁ። ቀና ሲል ዓይኑ ሌላ ዓይን ነበር። አንድ በአንድ አየን፤ ሊቀመንበሯን፣ ባጇን ከአንገቷ በጥሳ በእጇ የጨበጠችውን፤ ብስባሽን፤ በመጨረሻም እኔን።

«ተማሪዎች ናችሁ?»

«ተማሪዎች ነን አባባ።»

«የፈጣሪ ያለህ!» አለ። ወዲያው ብድግ አለና፣ «ልጁ! ልጁን ሰድጄው!» ብሎ ጮኸ። «ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ነው። ጭነው እንደጨረሱ ይነሣሉ!»

ታክሲ ልንጠብቅ አልቻልንም። ብስባሽ ልጣጭ የሚያመላልስባት ባለ ሦስት እግር ሞተር በር ላይ ቆማለች። እኔና ጋሼ ከኋላ፣ ባልዲ የሚጫንበት ላይ ወጣን፤ ሊቀመንበሯ ከፊት። ጋሼ ሱሪውን ይዞ ሲንጠለጠል ያየው ብስባሽ ከኪሱ ቲማቲም የሚያስርበትን ሲባጎ ወረወረለት። ጋሼ ግማሹን ለወገቡ፣ ግማሹን ለጫማው አሰረው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፦ «በገዛ እጄ። በገዛ እጄ።» መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ከጎናችን ያሉ መኪኖች በሽታችን መስኮት ይዘጋሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

መጋዘኑ ግቢ ስንደርስ ከባድ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ እየጨሰ ነው። ሸራው ተወጥሯል። ጋቢናው ውስጥ፣ በወዲያ በኩል፣ የእህቴ ልጅ ከስቶ ተቀምጦ አየሁት። እፎይ ልል ስል እሱም አየን። መጀመሪያ ያየው ግን እኔን አይደለም፤ አባቱንም አይደለም። ሞተሯን ነው። ጎኗ ላይ፣ ካሳሉት ገና ሳምንት ያልሞላው፣ አንድ ሜትር የሚሆን ጆሮ አለ። ከነቅጠሉ፣ ባጁ ላይ እንዳለው።

የጋቢናው በር ተበረገደ። ልጁ ዘሎ ወርዶ በተደረደሩት መኪኖች መሀል ሮጠ።

«ኧረ በሕግ! እኔ ነኝ! አክስትህ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ሲሰማ ይበልጥ ፈጠነ። ሊቀመንበሯ ልትከተለው ስትል ጋሼ በክንዱ አገዳት። «አንድም ሰው እንዳይሮጥ» አለ። «የሚሮጥ ሰው ከኋላው ሲያይ አይቆምም።»

ብቻውን ወደ ግቢው መሀል ሄደ። ሲሚንቶ የሚጭኑት ሰዎች፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የሆኑት፣ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል፤ ኮቱ ላይ ልጣጭ፣ ወገቡ ላይ ሲባጎ። ቆመ። ሲጣራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሳቁን እንኳን በቅጡ ሰምቼው አላውቅም። የሚወጣው ድምፅ እሱንም ያስደነገጠው ይመስላል።

«አንተ አይደለህም!»

ከመኪኖቹ መሀል የሚሮጥ እግር ይሰማል።

«ስማኝ! አንተ አይደለህም የጠራኸኝ! በሩን ባትከፍተውም ይሰብሩት ነበር! ሰማኸኝ? ይሰብሩት ነበር! እኔ ውስጥ ሆኜ የመኪናቸውን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ኮቴን ለብሼ ነው የጠበቅኋቸው! አንተ አይደለህም!»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ልጁ ይህን ሁሉ ዓመት ይህንን ተሸክሞ ነበር ለካ። አባቱ ደግሞ መልሱን ይዞ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ዝም።

ከሁለት መኪኖች መሀል መጀመሪያ እጁ ታየ፣ ከዚያ ፊቱ። ግማሽ ፊቱ ላይ ሲሚንቶ ተለጥፏል። «አባዬ፣ መጥተው እኮ ነበር» አለ፣ እንደ ሕፃን። «በእነሱ ቃል ነው የተናገሩት። በዚያው ቃል።»

«አውቃለሁ። እኔም ሄጄላቸው ነበር። እነሱ አይደሉም። ጠረጴዛቸውን አይቻለሁ።»

ልጁ ያልገባውን ነገር ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ አልጠየቀም። መጥቶ ልጣጭ የተደፋበት ኮት ውስጥ ገባ።

ሊቀመንበሯ ወደ እነሱ አልቀረበችም። ሞተሯ አጠገብ ተቀምጣ፣ በተሰበረ ጠርሙስ አንገት፣ ጆሮውን ከብረቱ ላይ ትፍቃለች። ብስባሽ ባገኘው ድንጋይ ከወዲያ በኩል ያለውን ይፍቃል። ሹፌሩ ከጋቢናው ወርዶ፣ «እና እኔ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ ጠየቀ፤ የሚመልስለት አልነበረም።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ተገኘ?»

«ተገኘ እትዬ። ፊቴ ቆሟል።»

ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት። ከዚያ እንደምትጠይቀኝ የማውቀውን ጠየቀችኝ፦ «ደህና ነው?»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሳላስበው ሊወጣ ነበር፤ ሁሌ እንደሚወጣው። ዋጥኩትና ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት።

ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። አባቱን አየ። አባቱ ራሱን ነቀነቀለት።

«እማዬ» አለ፣ «ደህና አይደለሁም።»

በቤታችን እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሞተሩ ይጮሃል፣ ከኋላችን መስታወት ብረት ይፍቃል፤ እኛ ሁላችን በአንዲት ስልክ ዙሪያ አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። በመጨረሻ፣ ቀጥኖ፣ ከሕፃኑ ልቅሶ በላይ ድምፅዋ ተሰማ።

«እሺ የኔ ልጅ» አለችው። «ንገረኝ።»